ለቅጠላ ቅጠል ዘር መደቡ ምን ያህል ይለስልስ?

ሮታቬተር የሚባለው፣ በሚሽከረከር ቢላ አፈር የሚፈጭ ማሽን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ የገባ ቀን የሠራሁትን መደብ አልረሳውም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። አፈሩ ዱቄት ሆነ፣ ያውም የተነፋ ዱቄት። ቆሜ ሳየው ልቤ ሞቅ አለ፣ ፎቶም አነሳሁት። ከዚያ ሰላጣ ዘራሁበት። በሦስተኛው ቀን ጥሩ ዝናብ ጣለ፣ በማግስቱ ፀሐይዋ ከረር ብላ ወጣች፣ ሳምንት ሲሞላው መደቡ ላይ የነበረው ሰላጣ ሳይሆን እንደ ደረቀ ኩሬ ወለል የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ነው። አንዱን ቁራጭ በጥፍሬ ፈልቅቄ ሳነሳው ከሥሩ ነጫጭ ቡቃያዎች ተጣጥፈው ተኝተዋል። በቅለዋል እኮ! መውጫ ነው ያጡት። አጠገቡ በዶማና በሬክ ብቻ የተሠራ፣ ጓል ጓል የሚል፣ ለፎቶ የማይሆን መደብ ነበረ። እዚያ ያለው ሰላጣ መስመሩን ይዞ ብቅ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ "ለቅጠላ ቅጠል የትኛው አስተራረስ ይሻላል?" ብለው ሲጠይቁኝ ወደ መሣሪያው አልሮጥም። መጀመሪያ ዘሩን ነው የማየው።

ከዘሩ እንጀምር

አንድ ግራም የሰላጣ ዘር ከ800 እስከ 1000 ፍሬ ይኖረዋል። ይህን የምታህል ነገር ይዛ የምትመጣው ስንቅ በጣም ትንሽ ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቃ ከተቀበረች ብርሃን ሳታይ ስንቋ ሊያልቅባት ይችላል። ጎመን ትንሽ ይሻላል፣ 1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ድረስ ይችላል። ስፒናችና ቆስጣ ጠንከር ያሉ ናቸው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጡ ቅር አይላቸውም። (የቆስጣ "ዘር" የምንለው እርስ በርስ የተጣበቁ ፍሬዎች ጥቅል ስለሆነ ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣ አትደንግጡ።)

ዘር ውሃ የሚያገኘው ከአፈር ቅንጣት ጋር ሲነካካ ነው። ጓሉ ቡጢ የሚያህል ከሆነ ዘሩ በሁለት ጓል መሃል ባለ ክፍት ቦታ ይወድቅና አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይደርቃል። ወይም ሾልኮ 4 እና 5 ሴንቲ ሜትር ይወርድና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማለስለሱ ያለምክንያት አልመጣም።

ግን ሌላም ወገን አለ። ጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው። በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ነው ውሃና አየር ተካፍለው የሚኖሩት። አፈሩን ዱቄት ስታደርጉት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ይጠፋሉ። የዝናብ ጠብታ ሲመታው ደቃቁ ቅንጣት ይታጠብና የቀሩትን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሲደርቅ ያ ድፍን ገጽ ቅርፊት ይሆናል። የእኔን ሰላጣ የገደለው ይኸው ነው። ደለል የሚበዛበትና ብስባሽ የሚያንሰው አፈር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

እንግዲህ ጥሩ መደብ ሁለት ፎቅ ያለው ቤት ነው በሉት። የላይኛው ፎቅ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ ያለው አፈር ከአሸዋ ቅንጣት እስከ ምስር የሚያህል ፍርፋሪ ቢሆን በቂ ነው፣ ጥቂት ተለቅ ያሉ ፍርፋሪዎች ላዩ ላይ ቢቀሩ እንዲያውም የዝናቡን ዱላ ይቀበሉለታል። ከዚያ በታች ያለው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ሥር የሚወርድበትና ውሃ የሚሰርግበት ላላ ያለ አፈር ይሁን እንጂ መድቀቅ የለበትም። ጓል ቢኖርበት ምንም አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የታችኛውን ፎቅ እንደ ላይኛው ለማድቀቅ ሲታገል ነው። ነዳጁም ጉልበቱም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

የማድቀቅ ፍቅራችን የቆየ ነው በነገራችን ላይ። ከ300 ዓመት ገደማ በፊት ጄትሮ ታል የሚባል እንግሊዛዊ ገበሬ ነበር፣ በመስመር የሚዘራ መሣሪያ በመሥራቱ የሚታወቀው። ይህ ሰውዬ ተክል የሚመገበው ደቃቅ የአፈር ቅንጣት ነው ብሎ ያምን ነበር። አፈር በደቀቀ ቁጥር ተክሉ ይጠግባል ማለት ነው በእሱ ስሌት። ሐሳቡ ስህተት ነበር። ደጋግሞ መኮትኮቱ ግን አረሙን ስለሚያጠፋለት ምክሩ ሜዳ ላይ የሚሠራ መሰለ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፣ ከሁሉም የሚቀድም፦ የምትዘሩት ዘር ነው ወይስ የምትተክሉት ችግኝ? ችግኝ ሥሩን ከነአፈሩ ይዞ ስለሚመጣ ጓል ብዙም አያስጨንቀውም። የመደብ ዝግጅቱ ግማሽ ሥራ እዚያው ቀለለ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በቀጥታ ለሚዘራ ጠበቅ ብሎ፣ ለችግኝ ደግሞ ላላ ብሎ ይነበብ።

አፈሩ ዛሬ ይነካል ወይ?

እርጥብ ሸክላማ አፈር ውስጥ የገባ ብረት፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ አፈሩን አያላላውም፣ ያቦካዋል። የተቦካ አፈር ሲደርቅ ጡብ ነው። ጡቡን ለመስበር እንደገና ማረስ፣ እንደገና መከስከስ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ችኮላ የተበላሸው መደብ ወቅቱን ሙሉ ሲያስለፋ ይከርማል። ከልክ በላይ ሲደርቅም ያው ነው፣ ጓሉ እንደ ድንጋይ ይሆንና ስትመቱት ወይ አይሰበርም ወይ ዱቄት ይሆናል። መሃል ላይ፣ ጠፈፍ ሲል፣ አፈሩ ራሱ በተፈጥሮ ስንጥቁ ይፈረካከሳል። መሣሪያው ያን ጊዜ ማገዝ ብቻ ነው ሥራው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከላይ ሳይሆን ልታርሱ ካሰባችሁበት ጥልቀት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ፣ አንድ እፍኝ አውጡ። በሁለት መዳፋችሁ መሃል እንደ ገመድ እያሻሻችሁ አቅጥኑት። የክብሪት እንጨት እስኪያህል ቀጥኖ ካልተቆራረጠ ወደ ቤት ተመለሱ። ገና ሳይቀጥን እየተፈረካከሰ እምቢ ካለ ግቡ። ሌላው ደግሞ ጨብጦ ኳስ ማድረግና ከወገብ ቁመት መልቀቅ ነው፣ ጠፍ ብሎ ከተለጠፈ ገና ነው፣ ተበታትኖ ፍርፋሪ ከሆነ ቀኑ ዛሬ ነው። አሸዋማ አፈር እንዲህ አያስጨንቅም፣ ውሃው ቶሎ ይወርዳል፤ የእሱ ችግር ከተነካካ በኋላ እርጥበት አለመያዙ ነው።

ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቀን በጣም ያታልላል። ብዙ ጥሩ ማሳ የተበላሸው በዚያን ቀን ነው።

ገልባጭ ማረሻ

ገልባጭ ማረሻ፣ ሞልድቦርድ የሚባለው፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን አፈር ቆርጦ ይገለብጠዋል። የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ። ያለፈው ሰብል ቅሪት፣ የቆመው አረም፣ የረገፈው የአረም ዘር፣ ሁሉም ይቀበርና ንጹሕ ገጽ ይቀራል። በትንንሽ ዘር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የመዝሪያ መሣሪያ በገለባና በግንድ ቁርጥራጭ ይታነቃል።

በበሽታ በኩልም ይረዳል። ሰላጣን አንገቱ ላይ አበስብሶ የሚጥል ስክለሮቲኒያ የሚባል ፈንገስ አለ። የአይጥ ኩስ የሚመስሉ ጥቋቁር ቅንጣቶች አፈር ውስጥ ጥሎ ይሄዳል፣ እነሱ ናቸው ዓመታት ጠብቀው እንደገና የሚነሱት። ተክል የሚጎዱት ግን ከገጹ አጠገብ፣ በላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲሆኑ ነው። በደንብ ከተገለበጡ ታች ይቀራሉ።

እስከሚቀጥለው እርሻ ድረስ ነዋ! ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። መቅበር መግደል አይደለም። ዊልያም ቢል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ በ1879 ሚሺጋን ውስጥ የተለያየ ዘር፣ አብዛኛው የአረም፣ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በ20 ጠርሙስ ቀበረ። ተከታዮቹ በየጊዜው አንዳንድ እያወጡ ይዘሯቸዋል። በ2021፣ ማለትም ከ142 ዓመት በኋላ፣ የወጣው ጠርሙስ ውስጥ የነበረ ዘር በቀለ። አንዳንድ የአረም ዘር ትዕግሥቱ እንዲህ ነው። እንግዲህ ዘንድሮ የቀበራችሁትን በሚቀጥለው ዓመት መልሳችሁ የምትገለብጡ ከሆነ ያስቀመጣችሁትን እያወጣችሁ ነው። የእኔ አስተያየት፦ ገልባጭ ማረሻ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ፣ ጠንከር ያለ ምክንያት ሲኖር፣ በደንብ ጠልቆ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ድረስ ከላይ ከላይ ብቻ መሥራት።

ሌላው ዕዳው ታች ያለው ንጣፍ ነው። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲታረስ የማረሻው ሆድ የሚያሸው፣ ትራክተርም ከሆነ ጎማው ቦዩ ውስጥ እየሄደ የሚረግጠው ወለል ይደነድናል። ሰላጣ ውሃውን በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ነው የሚጠጣው፣ ስለዚህ "ሥሩ አጭር ስለሆነ አይጎዳውም" የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛና የሰላጣው ሥር ይታፈናል፣ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ከታች የሚወጣ እርጥበት ይቋረጥበታል። አካፋ ይዛችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ውጉት። ቢላው በአንድ ጥልቀት ላይ እምቢ ካለ ንጣፉ እዚያ ነው።

በእንስሳ የሚጎተቱት ቀላል ማረሻዎች አብዛኞቹ አፈሩን ይሰነጥቃሉ እንጂ አይገለብጡም። ስለዚህ መስቀለኛ ደጋግሞ ማረስ ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ጓሉን በእጅ መሰባበር። ዲስክ ሃሮው፣ ሰሐን በሚመስሉ ክብ ብረቶች የሚሠራው፣ ቅሪት ለመቆራረጥና ጓል ለመከስከስ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የዲስኩ ጠርዝ ከብዶ ስለሚጫን እርጥብ አፈር ላይ ሲደጋገም የራሱን ንጣፍ ይሠራል። ቺዝል ማረሻ ደግሞ ሳይገለብጥ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እየሰነጠቀ ያላላል፣ ንጣፍ ለመስበር ጥሩ ነው፣ ያውም አፈሩ ደረቅ ሲል። ቅሪቱን ላዩ ላይ ስለሚተወው ግን ከእሱ በኋላ ዘር ለመዝራት ሌላ ሥራ ይቀራል።

ሮታቬተርና ፓወር ሃሮው

ሰው ሁሉ የሚወደው ሮታቬተርን ነው። አንድ ጊዜ ሲያልፍ ያርሳል፣ ይከሰክሳል፣ ይቀላቅላል። ብስባሽ ወይም የተብላላ ፍግ ከላይኛው 10 እና 15 ሴንቲ ሜትር ጋር ለማዋሃድ እሱን የሚያህል የለም። በእጅ የሚገፋውም በትራክተር የሚጎተተውም ያው ነው፣ ኤል ቅርጽ ያላቸው ቢላዎች አግድም በተኛ ዘንግ ላይ ተሰክተው ይሽከረከራሉ።

ችግሩም ከዚያው ነው የሚመጣው። ቢላው ከትራክተሩ ጉዞ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚዞር አንዱን ጓል ደጋግሞ ይመታዋል። በተለይ ደረቅ አፈር ላይ ዱቄት የሚሆነው ለዚህ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ደግሞ የቢላው ግርጌ ወለሉን ልክ እንደ ልስን ያሸዋል። ላዩ ለስላሳ፣ ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የተለሰነ ወለል ይፈጠራል፣ ዝናብ ሲመጣ መደቡ ገንዳ ይሆናል።

ሰርዶ ያለበት መሬት ላይ ሮታቬተር ማስገባት ደግሞ በራስ ላይ ጠላት ማብዛት ነው። የሰርዶ ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ በየአንጓው ዓይን አለው። ማሽኑ አንዱን ግንድ ሃያ ቦታ ይቆርጠውና ማሳው ላይ እኩል ያከፋፍለዋል፣ ልክ ችግኝ እንደተከለ። መጀመሪያ በሹካ እየነቀነቁ ግንዱን ሳይቆርጡ መልቀም ነው ያለው፣ አሰልቺ ቢሆንም።

ያላችሁ ሮታቬተር ብቻ ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ። የቢላውን ዙር ቀንሱ፣ የጉዞውን ፍጥነት ጨምሩ። ያኔ እያንዳንዱ ምት የሚቆርጠው ቁራጭ ወፈር ይላል። ከኋላ ያለውን መከለያ ብድግ አድርጉት፣ ጓሉ ከመከለያው ጋር እየተጋጨ እንዳይደቅ። ሁለተኛ ዙር አትሂዱ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዙር የሚሄደው መደቡ ስለሚፈልገው ሳይሆን ዓይኑ ስለሚያምረው ነው። (እኔን ጨምሮ፣ ሦስተኛውንም ሄጃለሁ።)

ፓወር ሃሮው ሲታይ የሮታቬተር ዘመድ ይመስላል፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ጥርሶቹ ቁልቁል ቆመው እንደ እንቁላል መምቻ ይሽከረከራሉ። አፈሩን ባለበት ይፈረፍረዋል እንጂ ከታች ወደ ላይ አያወጣውም። እርጥብ ጓል፣ ድንጋይና የተቀበረ የአረም ዘር ታች እንደተኛ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ከኋላው ተንከባላይ ስለሚከተለው መደቡ ተስተካክሎና ጠበቅ ብሎ ይወጣል። ለሰላጣና ለስፒናች በቀጥታ ለሚዘራ ከማሽን ሁሉ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ያልታረሰ ድርቅ መሬት ላይ አይሠራም፣ መጀመሪያ ሌላ መሣሪያ ሊያላላለት ይገባል። ሲበዛበት ደግሞ እሱም ዱቄት ያደርጋል።

ገና በለጋነቱ የሚታጨድ ቅጠል በማሽን ለሚሰበስብ ሰው ደግሞ የመደቡ ገጽ ጠረጴዛ መሆን አለበት። ማጨጃው ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ጓል ወይም ድንጋይ ምላጩን ይበላዋል፣ የተረፈው አፈር ከቅጠሉ ጋር ሣጥን ውስጥ ይገባል። እንዲህ ላለው ሥራ ድንጋይ ለይቶ ከታች የሚቀብር መሣሪያ፣ ከዚያ መደብ ማውጫ፣ ከዚያ ተንከባላይ መከታተላቸው ቅንጦት አይደለም።

በእጅ የሚሠራ

ጥቂት መደብ ያለው ሰው ማሽን አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ሁለት እጀታ ያለው፣ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ጥርስ ያለው ሰፊ ሹካ አለ። በእግር ትረግጡታላችሁ፣ ሁለቱን እጀታ ይዛችሁ ወደ ኋላ ትደገፋላችሁ፣ መሬቱ ብድግ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ነቅላችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። አፈሩ አይገለበጥም። ታች ያለው ታች ይቀራል፣ የምድር ትል መንገዱም አይፈርስም። የታችኛው ፎቅ በዚህ አለቀ። የላይኛው ፎቅ ደግሞ ብስባሽ በትኖ በሬክ 3 ሴንቲ ሜትር መፈርፈር ነው። ተራ የቁፋሮ ሹካም ያው ሥራ ይሠራል፣ ጊዜ ይፈጅ እንጂ።

ሁለት አካፋ ጥልቀት፣ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ማላላት የሚባለውም አለ። አዲስ፣ የተረገጠ፣ የተደፈነ መሬት ላይ አንድ ጊዜ ቢሠራ ጥቅም አለው። በየዓመቱ መደጋገሙ ግን ለወገብ ሐኪም ሥራ መስጠት ነው።

ጨርሶ ያለመቆፈር

አለመቆፈር የሚሉት መንገድ ደጋፊው ብዙ ነው፣ አንዳንዱም እንደ ሃይማኖት ይዞታል። አሠራሩ፦ ሣሩን አጭዶ፣ ካርቶን አንጥፎና አርሶ (በውሃ ማለቴ ነው)፣ ከላዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ መከመር። ዘሩ ብስባሹ ላይ ይዘራል። ከታች ያሉ የአረም ዘሮች ብርሃን ስለማያገኙ አይነሱም፣ ቅርፊት አይኖርም፣ እርጥበት ይቆያል። ሰላጣ በዚህ ላይ ሲበቅል ማየት ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው።

ስሌቱን ግን ሥሩት። 10 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ በ1 ካሬ ሜትር 100 ሊትር ነው። በ10 ካሬ ሜትር 1 ሜትር ኩብ። በ1 ሄክታር 1000 ሜትር ኩብ! ለጥቂት መደብ ይቻላል፣ ለማሳ ግን ሕልም ነው። ብስባሹ ጥራት ከሌለው ደግሞ የአረም ዘር በጆንያ ገዝታችሁ መዝራታችሁ ነው፣ ያልበሰለ ወይም ጨው የበዛበት ከሆነም የሰላጣ ቡቃያን ያቃጥላል። ድርቅ ያለ ንጣፍ ያለበት መሬት ላይም መጀመሪያ በሹካ አንዴ ማላላት ሳያስፈልግ አይቀርም፣ ትሉ ይሠራዋል ብሎ መጠበቅ ዓመታት ነው።

በጉዝጓዝ ሥር ቀንድ አውጣ ይደላዋል፣ ለለጋ ሰላጣ ደግሞ ቀንድ አውጣ ማለት አንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ወፍራም የገለባ ጉዝጓዝ ለችግኝ ካልሆነ በቀጥታ ለተዘራ ቅጠል አልመክርም። ማሳ ላይ ሸፋኝ ሰብል (አፈሩን እንዲሸፍን ብቻ የሚዘራ) አስተኝቶ በጠባብ መስመር ብቻ አላልቶ መትከልም እንደዚሁ ነው፣ ለጥቅል ጎመን ችግኝ ያምራል፣ በቅርብ በቅርብ ለሚዘራ ስፒናች አይሆንም።

መካከለኛው መንገድ ጥቁር ላስቲክ ነው። እርጥብ መሬት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይነጠፋል። ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ የነቃው የአረም ዘር ይበቅልና በጨለማ ይሞታል፣ የቆመው አረምና ቅሪት ይበሰብሳል። ስታነሱት አፈሩ ለስልሶ ይጠብቃችኋል፣ በሬክ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው። ሰርዶንና እንግጫን ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ይገድላቸዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

የውሸት መደብ

ከአስተራረስ ዘዴዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ተማሩ ብባል ይህን ነበር የምለው። መሣሪያ አይደለም፣ የጊዜ አጠቃቀም ነው። መደቡን ልክ እንደሚዘራ አድርጋችሁ ጨርሳችሁ አዘጋጁ። ከዚያ አትዝሩ። ውሃ አጠጡት፣ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ተዉት። አረሙ ተታልሎ ይወጣል። ገና ክር ሲመስል በኩትኮታ ወይም በእሳት ግደሉት፣ ከዚያ ሳትቆፍሩ ዝሩ።

ለምን ይሠራል? ደቃቅ ዘር ያላቸው አረሞች በአብዛኛው የሚበቅሉት ከላይኛው 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ያንን የላይኛ ክፍል ባዶ ካደረጋችሁት ቀጣዩ ጭፍራ ታች ተኝቷል። እዚያው እስከተኛ ድረስ ችግር የለም። ስለዚህ አረሙን የምትገድሉበት ኩትኮታ ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳይጠልቅ። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ነው። አረሙን ከገደለ በኋላ "እስቲ ትንሽ ላለስልሰው" ይልና በሬክ ጠለቅ አድርጎ ይጭረዋል፣ አዲስ ዘር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሦስት ሳምንቱ ባከነ። ብዙ የአረም ዘር ለመንቃት የቅጽበት ብርሃን ይበቃዋል፣ አፈር ሲገለበጥ ብልጭ የሚለው ያ ብርሃን። በጨለማ ማረስ ሁሉ ተሞክሯል፣ ውጤቱ ግን አንድ ጊዜ ይሆናል አንድ ጊዜ አይሆንም።

በቅርብ በቅርብ የተዘራ ቅጠል ውስጥ አረም ሲገባ መልቀሚያ የለውም። ለዚህ ነው ለቅጠላ ቅጠል ከሌላ ሰብል ይልቅ ይህ ዘዴ የሚገባው።

ናይትሮጅንና ቅሪት

አስተራረስ ምግብም ይነካል። አፈር ሲታረስ አየር ይገባል፣ ተሕዋስያኑ ይነቃሉ፣ ብስባሹን ሲያፈርሱ ናይትሮጅን ይለቀቃል። ቅጠላ ቅጠል ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ አንዳንዱ ከ30 እስከ 60 ቀን፣ ናይትሮጅኑን ቶሎ ነው የሚፈልገው። የታረሰ መሬት ላይ ስፒናች ፈጥኖ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ያልታረሰው ላይ መጀመሪያ ገረጣ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሌላ በኩል በየጊዜው መቆፈር ያንኑ ብስባሽ ማቃጠል ነው፣ ከሂሳብ ደብተር ሳያስገቡ እንደማውጣት።

ደረቅ ገለባ ከአፈር ጋር ቀላቅሎ ወዲያው ሰላጣ መዝራት ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው። ተሕዋስያኑ ገለባውን ለመብላት ናይትሮጅኑን ከአፈር ይወስዱታል፣ ሰላጣው ቢጫ ሆኖ ይቆማል። እርጥብ አረንጓዴ ቅሪትም ቢሆን ከተቀበረ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ አለዚያ ትኩስ ቅሪት ላይ የሚነሳው ፈንገስ ቡቃያውን አንገቱ ላይ እያቀጠነ ይጥለዋል። ይህ የመጠበቂያ ጊዜና የውሸት መደቡ ጊዜ አንድ ላይ ቢገጥሙስ? ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ነው። ያልተብላላ ፍግ ግን በጥሬው ለሚበላ ቅጠል ጨርሶ አይሆንም። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ አፈር ለሚነካ ሰብል ጥሬ ፍግ ከገባ እስከ አጨዳ ቢያንስ 120 ቀን ይጠይቃል፣ ሰላጣ ደግሞ ያን ያህል ዕድሜ የለውም።

እኔ ብሆን

ከባድ ሸክላማ መሬት ቢሆን ዋናውን ማላላት ከመዝራቴ ወራት ቀድሜ እጨርስና ጓሉን ለተፈጥሮ እተወዋለሁ። መርጠብና መድረቅ፣ ብርድ ባለበትም ውርጭ፣ የትኛውም ማሽን ከሚሰብረው በተሻለ ይሰብረዋል። ከዚያ ላዩን ብቻ። ደለላማ ከሆነ ሮታቬተሩን ከነአካቴው እረሳዋለሁ፣ ላዩን ሸካራ አድርጌ፣ ብስባሽ በስሱ ነስንሼ እዘራለሁ። አሸዋማ ከሆነ ጭራሽ ባልነካው ደስ ይለኛል፣ ብስባሽና ጠበቅ ማድረግ ይበቃዋል።

መደቡን ከፍ ማድረግም እንደ ቦታው ነው። ውሃ የሚተኛበት ከሆነ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ደረቅ ከሆነ ግን ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ይደርቃል፣ እንዲያውም ዝቅ ያለው ይሻላል። ጨው ያለበት መሬት በቦይ ሲጠጣ ጨው ከፍ ወዳለው የመደቡ አናት ስለሚሳብ ዘሩን ወደ ትከሻው ጠጋ ማድረግ ነው።

ከተዘራ በኋላ አፈሩን ጠበቅ ማድረግን ሰው ይንቀዋል። የላላ አፈር ከታች እርጥበት አይስብም። በሬኩ ጀርባ ወይም በጣውላ መታ መታ፣ ማሳ ላይ ደግሞ በተንከባላይ። ስትረግጡት የተረከዛችሁ ዱካ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ካልጠለቀ ልክ ነው። ውሃውም በደቃቅ ወንፊት ይሁን፣ ቅርፊት የሚሠራው ዝናብ ብቻ አይደለም፣ ከፍ ብሎ የሚወርድ የባልዲ ውሃም ነው። ቅርፊት ከያዘ ቡቃያዎቹ እስኪወጡ ድረስ ላዩን እርጥብ አድርጋችሁ ብትይዙት ይለሰልሳል፣ በሬክ ለመስበር አትሞክሩ፣ ቡቃያውን አብራችሁ ትቆርጡታላችሁ። እና ሙቀት፦ ሰላጣ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ለመብቀል እምቢ ሊል ይችላል፣ ያኔ መደቡን አትውቀሱት።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሰላጣውን አትንቀሉት። አንገቱ ላይ በቢላ ቁረጡት፣ ሥሩ እዚያው ይበስብስ፣ የሄደበት ቀዳዳ ውሃ ማስረጊያ ይሆናል። ላዩን በሬክ ነካ፣ ጣት የሚያህል ብስባሽ ጨመር፣ በጉቶዎቹ መሃል ቀጣዩን ችግኝ ትከሉ። የበሰበሰ ወይም ጥቋቁር ቅንጣት የያዘ ሰላጣ ካያችሁ ግን እሱን ከነሥሩና ከነአፈሩ በአካፋ አንስታችሁ ከማሳው አውጡት።